ምሳ በገንዘብ መብላት የጀመርነው መቼ ነው?

እስቲ አንድ ምሳ አብረን እንብላ። ከአዲስ አበባ በሌሊት ተነስታችሁ፣ የዓባይን በረሃ ወርዳችሁ ወጥታችሁ፣ ደብረ ማርቆስን አልፋችሁ ደምበጫ ደርሳችኋል እንበል። አውቶቡሱ ቆመ። ረዳቱ «ምሳ! ሠላሳ ደቂቃ!» ብሎ ጮኸ። እናንተም ወርዳችሁ ከመንገዱ ዳር ካሉት ምግብ ቤቶች አንዱ ጋ ገባችሁ፤ እጃችሁን ታጠባችሁ፤ ተቀመጣችሁ። የማን ልጅ እንደሆናችሁ የጠየቀ የለም። ከየት እንደመጣችሁም የጠየቀ የለም። «ምን ልታዘዝ?» ብቻ ነው የተባላችሁት። በላችሁ፣ ሂሳብ ከፈላችሁ፣ ሄዳችሁ።

ታዲያ ይሄ ምኑ ይገርማል ትሉ ይሆናል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በዚያው አገር ያለፈ ነጋዴ ግን ይህን ቢያይ ግራ ይገባው ነበር። የበሰለ ምግብ ለማያውቁት ሰው ይሸጣል? እንግዳው «ይሄን አምጪልኝ፣ ያንን ተይው» እያለ ይመርጣል? ከዚያ ደግሞ ገንዘብ ቆጥሮ ይሰጣል፣ ባለቤቷም ሳታፍር ትቀበላለች? ለእሱ ይህ የእንግዳ አቀባበል ሳይሆን ነውር ነው።

ዛሬ የምናየው ይህ ነውር እንዴት ወግ እንደሆነ ነው። ታሪኩ ከደምበጫ ተነስቶ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ለንደንንም ነክቶ ይመለሳል።

«ቤት ለእንግዳ?»

በድሮው ጎጃም የመሸበት መንገደኛ ከአንድ ቤት ደጃፍ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ?» ይላል። መልሱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ነው። ይገባል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ቤት ያፈራውን ይቀምሳል፣ መደብ ላይ ያድራል። ጠዋት ሲወጣ ይመርቃል እንጂ አይከፍልም። ልክፈል ቢል አስተናጋጆቹን መስደብ ነው።

ሆኖም ይህ ሥርዓት የሚበቃው ለአንድና ለሁለት ሰው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃም በኩል ብዙ አጋሰስ የጫኑ ሲራራ ነጋዴዎች ይመላለሱ ነበር። ባሶ ትልቅ ገበያ ነበር፤ ቡሬም የነጋዴ መንገድ ነበረች። ይህን ሁሉ ሰው የትኛው ገበሬ ያበላዋል? ስለዚህ ነጋዴ ስንቁን ይይዛል፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ቋንጣ።

እዚህ ላይ ትንሽ ሳይንስ አለች። የእነዚህ ስንቆች ሁሉ ምስጢር ውኃ ማጣት ነው። ባክቴሪያና ሻጋታ ለመራባት እርጥበት ይፈልጋሉ። ገብሱን ስትቆሉት፣ ሥጋውን ዘልዝላችሁ ስታደርቁት፣ እርጥበቱን ነፈጋችኋቸው ማለት ነው። በሶ ደግሞ ተቆልቶ ስለተፈጨ ቀድሞ በስሏል፤ ምንጭ ዳር ቁጭ ብሎ በውኃ በጥብጦ መጠጣት ወይም ጨብጦ መብላት ነው። እሳት እንኳ አያስፈልግም። በሶ የያዘ ሰው ምግብ ቤቱን በአኮፋዳው ይዞ ይሄዳል እንደ ማለት ነው።

ሦስተኛ ዓይነት መንገደኛም ነበር፤ የመንግሥት እንግዳ። እሱ ከንጉሡ ወይም ከአገረ ገዢው ትእዛዝ ይዞ ይመጣል። ባለአገሩም ድርጎ ያወጣል፦ እንጀራ፣ ጠላ፣ በግ፣ ለበቅሎው ገብስ። ለእንግዳው ነፃ ነው። ለገበሬው ግን ነፃ አልነበረም! ከጎተራው የሚቀነሰው እህል፣ ሚስቱ በወፍጮ ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብላ ስትፈጭ የምታድረው ሌሊት፣ የማን ሂሳብ ነው? ይህን ጥያቄ ያዙት፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

የብሩስ ጽዋ

ከመንግሥት ትእዛዝ ይዘው ካለፉት እንግዶች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። በ1763 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ (በፈረንጆቹ ኅዳር 1770) ግሽ ዓባይ ደረሰ። ቦታው ሰከላ ነው፤ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ብዙም አይርቅም። ብሩስ ከምንጩ ዳር ቆሞ ከዓረብ አገር ባመጣው የኮኮናት ቅርፊት ጽዋ ውኃ ቀዳና ለንጉሡ ለሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ብሎ ጠጣ። ስኮትላንዳዊ በምዕራብ ጎጃም ያነሣው ጽዋ ይኸው ነው፤ ያለ በረዶ፣ ያለ ሎሚ፣ ንጹሕ የምንጭ ውኃ።

አገሩ ተመልሶ በ1790 እ.ኤ.አ. የጉዞ መጽሐፉን ሲያሳትም ብዙ ሰው ተሳለቀበት። ያላመኑት ስለ ምንጩ የጻፈውን አልነበረም። ስለ ጥሬ ሥጋ የጻፈው ነው የከበዳቸው። «እንዲህ ያለ ነገር የሚበላ ሰው የለም» አሉ። ለንደንና ጥሬ ሥጋን ለጊዜው እዚህ እንተዋቸው።

ለምግብ ቤት ምን ያስፈልጋል?

ምግብ ቤት በዓለም ላይ አንድ ቀን የተፈጠረ ነገር አይደለም። በቻይና ካይፈንግ በምትባለው ከተማ ከ900 ዓመት በፊት ደንበኛ እየመረጠ የሚያዝባቸው ምግብ ቤቶች ነበሩ። በአውሮፓ ደግሞ ዛሬ «ሬስቶራንት» የምንለው በፓሪስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ብቅ አለ። ቃሉ መጀመሪያ የቤት ስም አልነበረም፤ የመረቅ ስም ነበር። የደከመን ሰውነት «የሚመልስ» መረቅ ማለት ነው። ቀስ በቀስ መረቁ የሚሸጥበት ቤት ስሙን ወረሰ።

እነዚህን አገሮች ስናነጻጽር ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ እናያለን።

አንደኛ፣ ቤቱ ሄዶ መብላት የማይችል ብዙ እንግዳ በአንድ ቦታ መገኘት አለበት። ሁለተኛ፣ ዝርዝር ገንዘብ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ምግብ መሸጥም ሆነ መግዛት የማያሳፍር መሆን አለበት።

ሁለተኛውን ልብ በሉ፤ ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአገራችን የሚሠራበት ትልቁ ገንዘብ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር። አንድ ብር ለአንድ ሰው ምሳ እጅግ ይበዛል። ከእሱ በታች ያለው መገበያያ አሞሌ ጨው ነው። እስቲ አስቡት፤ በልታችሁ ስትጨርሱ ድፍን ብር አውጥታችሁ፣ መልሱን በጨው ጭናችሁ ልትሄዱ ነው? ምግብ ቤት ዝርዝር ይፈልጋል። ዐፄ ምኒልክ የራሳቸውን ገንዘብ ሲያስመቱ፣ ሳንቲሞቹ ላይ 1887 ዓ.ም. የሚል ተጻፈባቸው። ከብሩ ጋር አላድ፣ ሩብ፣ ተሙን የሚባሉ ክፋዮች ነበሩ። አዲሱ ገንዘብ ማሪያ ቴሬዛን ለማስለቀቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል፤ ሐሳቡ ግን መጣ፤ ትንሽ ነገር በትንሽ ገንዘብ መግዛት።

አንደኛውም እየተሟላ ነበር። ከጎንደር ዘመን በኋላ ቤተ መንግሥት ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ ስለቆየ ብዙ እንግዳ ቋሚ ሆኖ የሚቀመጥበት ትልቅ ከተማ አልነበረም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ከዓድዋ ድል ማግሥት ደግሞ የውጭ መልእክተኛው፣ ነጋዴው፣ መሐንዲሱ ጎረፈ። የት ይደሩ? ምን ይብሉ?

በእርግጥ ቤተ መንግሥቱ ግብር ያበላል። በአዳራሹ በሺህ የሚቆጠር ሰው በዙር እየገባ ይበላ ነበር። ግብር ግን ምግብ ቤት አይደለም። የት እንደምትቀመጡ ማዕረጋችሁ ይወስናል፤ ምን እንደምትጠጡም እንዲሁ። ጥሩው ጠጅ ከላይ ለተቀመጠው ነው። መምረጥ የለም፤ መክፈልም የለም። ባለውለታ ሆኖ መውጣት ግን አለ።

ንጉሡ ሂሳብ ከፈሉ

የቀረው ሦስተኛው ነገር ነው፤ ሀፍረቱ። እዚህ ላይ እቴጌ ጣይቱ ይመጣሉ። በ1890ዎቹ መጨረሻ (ዓ.ም.) ዛሬ ፒያሳ በምንለው ሰፈር ሆቴል አሠሩ። የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል የሚባለው ይህ ነው፤ እስከ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት ክፉኛ ጎድቶት ነበር፤ ግን ተርፏል።

ሆቴሉ ተከፈተ፤ የአገሬው ሰው ግን ዝር አላለም ይባላል። «ቤት እያለኝ በገንዘቤ ሰው ቤት ልብላ?» ነው ነገሩ። ከዚያ፣ እንደሚተረከው፣ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ሄዱ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ሂሳቡንም ቆጥረው ከፈሉ። መኳንንቱ አዩ። ንጉሥ ያደረገው ነገር ነውር ሊሆን አይችልም! እነሱም በተራቸው እየተጋበዙ መጡ።

የታሪኩ ዝርዝር በየተራኪው ይለያያል። ፍሬ ነገሩ ግን ግልጽ ነው፤ ለምግብ መክፈል በራሱ መማር ያለበት ነገር ነበር። ሌላም ምልክት አለ። አማርኛችን ውስጥ «ሆቴል» የሚለው ቃል አልጋ ለሌለው ምግብ ቤትም ይሆናል። ደምበጫ ላይ «ሆቴል» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ብትገቡ ሽሮና ጥብስ ብቻ ልታገኙ ትችላላችሁ። መብላትና ማደርን በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነው ስለተዋወቅናቸው ይመስለኛል።

መንገድ፣ ባር፣ ጦርነት

ጣሊያን በወረራው አምስት ዓመታት መንገድ ሠራ፤ በመንገዱም ፓስታ፣ ማኪያቶና ባር ገቡ። ነገር ግን ፋሺስቶቹ ማዕዱን በቀለም ከፈሉት። ነጭ የሚበላበትና አበሻ የሚበላበት ተለየ። የአዲስ አበባው መርካቶም ስሙን ያገኘው ያኔ «ለአገሬው ሰው» ተብሎ በተከለለው ገበያ ነው። በገንዘብ መክፈል ብቻውን እኩልነት እንደማያመጣ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም፤ ገንዘብ ይዘህም በር ላይ ትመለሳለህ።

በ1933 ዓ.ም. የጎጃም አርበኞች፣ ከሱዳን የመጣው የዊንጌት ጦርና ንጉሠ ነገሥቱ በዚሁ መንገድ መጡ። ጣሊያኖች በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቀው ወደ ደምበጫ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈጉ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ወጀት ትባል የነበረችው ከተማም ፍኖተ ሰላም፣ «የሰላም መንገድ» ተባለች። እንግሊዛዊው ኦርድ ዊንጌት ጥሬ ሽንኩርት እንደ ፍራፍሬ እየገመጠ ይበላ እንደነበር ብዙዎች ጽፈዋል። እንግዲህ ጎጃም ካየቻቸው የእንግሊዝ ምግቦች አንዱ ይኸው ነው ማለት ነው!

ከዚያ በኋላ አውቶቡስ መጣ። አውቶቡስ የሲራራን ስንቅ አስቀረ። የሚሄደው በቀን ስለሆነ መንገደኛ በሚቆምበት ሁሉ ምሳ ይፈልጋል። የመንገድ ዳር ከተሞቻችንም በዚህ ምሳ አደጉ።

ብርሌ ውስጥ ያለው ኬሚስትሪ

ምግብ ካለ መጠጥ አለ። ዛሬ በለንደንም በአዲስ አበባም ዘናጭ ቤቶች «ኮክቴል» የሚባል ድብልቅ ይሸጣሉ። በ1806 እ.ኤ.አ. አንድ የኒው ዮርክ ግዛት ጋዜጣ ኮክቴል ምን እንደሆነ ሲያስረዳ አራት ነገሮችን ጠቀሰ፦ ጠንካራ መጠጥ፣ ስኳር፣ ውኃ እና መራራ ቅመም።

አሁን ጠጅ ምን እንደሆነ አስቡ። ማር ስኳሩ ነው። ውኃ አለ። ጌሾ መራራው ነው። አልኮሉንስ? እሱን ጋኑ ራሱ ያዘጋጀዋል፤ በማሩና በጌሾው ላይ ያሉ እርሾዎች ስኳሩን እየበሉ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። አራቱም ነገር ተሟላ። መራራው ጣፋጩን ያመዛዝናል፤ ጌሾው ደግሞ አንዳንድ የማይፈለጉ ባክቴሪያዎችን ያቅባል። የባሩ ሰው በደቂቃ የሚቀላቅለውን የጠጅ ጣይዋ በሳምንታት ትቀላቅለዋለች።

አረቄ ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። በምዕራብ ጎጃም ዳጉሳና በቆሎ ሞልቷል። ብቅል ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣሉ፤ እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል። ድፍድፉ ሲደርስ እሳት ላይ ይጣዳል። አልኮል በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈላል፤ ውኃ በ100። ይህ በባሕር ጠለል ነው። 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃው በ93 ዲግሪ አካባቢ፣ አልኮሉም ከ78 በታች ይፈላል። እንፋሎቱ በቧንቧ አልፎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ወደተቀመጠው ዕቃ ሲገባ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ጠብ፣ ጠብ። «አረቄ» የሚለው ቃል የመጣው ከዓረብኛ ሲሆን ትርጉሙ «ላብ» ነው። ዕቃው ላበው ማለት ነው!

ጠጅ ከቤት ቤት ቢለያይም አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 በመቶ አልኮል አለው። አረቄ ከ35 እስከ 45 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ መለኪያ አረቄ ትንሽ ይምሰል እንጂ ትንሽ አይደለም። በየጊዜው ሰው የሚያሳውርና የሚገድል «አረቄ» ወሬ ስትሰሙ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሜታኖል ነው፤ በተለይ የኢንዱስትሪ አልኮል ሲደባለቅበት። ሜታኖል በመልክም በሽታም ከሌላው አልኮል አይለይም። ቀምሶ ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ምንጩ የማይታወቅ መጠጥ አለመቅመስ ነው የሚያዋጣው።

ለንደን ዱለትን ስታገኝ

አሁን ለንደንን እናንሳት። የእንግሊዝ ምግብ ለረጅም ጊዜ መሳለቂያ ነበር። አንዱ ምክንያት ጦርነት ነው። ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምግብ በራሽን ይታደል ነበር፤ ሥጋ ከራሽን የወጣው በ1954 ነው። ለ14 ዓመት በኩፖን የበላ ሕዝብ የምግብ ባለሙያነቱ መዳከሙ አይገርምም።

ከዚያ በ1994 እ.ኤ.አ. ፈርገስ ሄንደርሰን የተባለ ምግብ አብሳይ ከአጋሮቹ ጋር በለንደን የሥጋ ገበያ አጠገብ ሴንት ጆን የተባለ ምግብ ቤት ከፈተ። «ዘመናዊ የእንግሊዝ ምግብ» ሲባል ስሙ ቀድሞ ከሚነሣው አንዱ ነው። ዘመናዊ ያሰኘው ምን ይመስላችኋል? መቅኒ፣ ኩላሊት፣ ምላስ፣ ጨጓራ ማቅረቡ! ከብት ካረዳችሁ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ብሉት፣ መጣል ነውር ነው የሚል ሐሳብ ነው።

ደምበጫ ላይ ይህን ብታወሩ ይስቁባችኋል። ዱለት እኮ ጉበትና ጨጓራ ነው። አያቶቻችን በግ ሲያርዱ የሚጣል ነገር አልነበረም። ብሩስን ስለ ጥሬ ሥጋ «ዋሽተሃል» ያለችው ከተማ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ መቅኒ ለመምጠጥ ሰዎች ጠረጴዛ የሚይዙባት ሆነች። «ዘመናዊ» የሚባለው ነገር አንዳንዴ የድሃ ቤት ጥበብ ሌላ ሳህን ላይ ሲቀርብ ነው።

ሂሳቡ የማን ነው?

ወደ ተውነው ጥያቄ እንመለስ። ብዙ ሰው «ድሮ እንግዳ በነፃ ይበላ ነበር፤ ገንዘብ መጣና ፍቅር ጠፋ» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ያ ምሳ ነፃ አልነበረም የሚለው ነው። ሁልጊዜም አንድ ሰው ይከፍል ነበር፤ ገበሬው በጎተራው፣ ሴቲቱ በወገቧ። ሂሳብ የሚባለው ነገር ሲመጣ፣ ተደብቆ የነበረው ድካም ቁጥር ተሰጠው።

ቁጥር ተሰጠው እንጂ ክብር ግን እኩል አልተሰጠውም። በለንደኑ ሳቮይ ሆቴል ባር ከ1903 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መጠጥ ትቀላቅል የነበረችው ኤዳ ኮልማን ስሟ እስከ ዛሬ በመጻሕፍት ይነሣል። ጠላ ጠምቀው፣ ጠጅ ጥለው፣ አረቄ አውጥተው፣ በጭስ ዓይናቸውን አቃጥለው ልጅ ያስተማሩ የኛ ሴቶች ግን ስማቸው የት አለ? «ጠላ ሻጭ»፣ «አረቄ ሻጭ» ተባሉ፤ ቃሉም እንደ ስድብ ተወረወረ። ምኒልክ ከፍለው የሰበሩት ሀፍረት የበላተኛውን ነው። የሻጯ ሀፍረት ገና አልተሰበረም።

በሚቀጥለው ጊዜ አውቶቡሱ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ ሲቆም ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ጓዳውን አየት አድርጉ። እንጀራውን ማን ጋገረው? ወጡን ማን ሠራው? ሴትየዋን «እማማ፣ ይሄን ሙያ ከማን ተማሩት?» ብላችሁ ጠይቋት፤ መልሷንም ጻፉት። ይህ ጽሑፍ ሊሞላው ያልቻለው የታሪክ ገጽ እሷ ዘንድ ነው ያለው። ሠላሳ ደቂቃ ይበቃል፤ ረዳቱ ደግሞ ሁልጊዜ እንደሚያመሽ ታውቃላችሁ።